የመጀመሪያ ሞጁሌን ፖርት ላደርግ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ሀሁ_ከአዘዞ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁም፤ እንዴት አመሻችሁ?

አዘዞ ነኝ። ከተመረቅኩ ዓመት አልፎኛል፤ ቋሚ ሥራ ገና አላገኘሁም። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን ሕፃናት መጽሐፍ የሚዋሱባት አንዲት ክፍል ከፍተናል። ድረ ገጽም አላት። መጀመሪያ የሠራልን ልጅ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ገባ፤ አሁን የምይዘው እኔ ነኝ።

ገጹ የተሠራው ድረ ገጽ በሚሠራበት ሶፍትዌር፣ በድሩፓል 7 ነበር። የድሩፓል 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2025 እንዳበቃ ታውቃላችሁ። በእኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 2017፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ ቢገኝበት ከማኅበረሰቡ በኩል የሚደፍንልን የለም። ስለዚህ ወደ ዘመዱ ሶፍትዌር፣ ወደ ባክድሮፕ አዛወርኩት። ፈርቼ ነበር፤ ግን ጽሑፉም ፎቶውም በሰላም ተሻገረ። የቀረችው አንዲት ትንሽ ሞጁል፣ ማለት ገጹ ላይ የምትጨመር የኮድ ክፍል ናት። መጽሐፍ የሚመለስበት ቀን ሲቃረብ በተዋሹ ልጅ ገጽ ላይ ማሳሰቢያ የምታወጣ። ለባክድሮፕ የሚሆን ቅጂ የላትም። ጸሐፊው ከነካት ብዙ ዓመት ሆኖታል።

ራሴ ፖርት ላደርጋት፣ ማለት ኮዷን ለባክድሮፕ እንድትሆን ላስተካክላት አስቤአለሁ። ፒኤችፒ እችላለሁ። ግን ሌላ ሰው የሚያነበው ኮድ ጽፌ አላውቅም። ከየት ነው የሚጀመረው? ፈቃድ የምጠይቀው ማንን ነው? እንግሊዝኛ ስጽፍም ቶሎ አይመጣልኝም። እዚያ ሁሉ ባለሙያ መሐል ገብቼ ባበላሽስ?

ኮድ_በሌሊት | ሐሙስ፣ ማታ 4፡05

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ ፒያሳ አካባቢ ነኝ። እስካሁን አምስት ሞጁል ፖርት አድርጌአለሁ፣ ሁሉንም በነፃ። የምነግርሽ ከእነሱ የተማርኩትን ነው።

ኮዱን ገና አትንኪው። መጀመሪያ ሥራው ቀድሞ ተሠርቶ እንደሆነ አጣሪ። ባክድሮፕ ከድሩፓል 7 ተገንጥሎ የመጀመሪያ ቅጂው የወጣው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ነው። በድሩፓል 7 ለብቻቸው ይጫኑ ከነበሩት ብዙዎቹ እዚህ ዋናው ክፍል ውስጥ ገብተዋል። ቪውስ፣ ቶክን፣ ፓዝአውቶ፣ ዴት፣ ሁሉም አብረው ይመጣሉ። እኔ ይህን ሳላጣራ አንዷን ሞጁል ሁለት ሳምንት ለፋሁባት። ስጨርስ ለካ ሥራዋን ዋናው ክፍል ራሱ ይሠራዋል። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ቀጥሎ ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ፣ ጊትሀብ ላይ ባክድሮፕ ኮንትሪብ የሚባለውን ስብስብ ፈትሺ። ፖርት የተደረጉ ሞጁሎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከሌለች ደግሞ ድሩፓል ድረ ገጽ ላይ ወደ ሞጁሏ ኢሹ (የችግርና የሥራ ጥያቄ) ዝርዝር ግቢና «ወደ ባክድሮፕ ላሻግራት ነው» ብለሽ ጻፊ።

ስለ ፈቃድ ላልሽው፣ በሕግ በኩል ችግር የለም። ድሩፓልም ባክድሮፕም የሚለቀቁት በጂፒኤል ነው። መቅዳትም ማሻሻልም ይቻላል፤ መልሰሽ የምታወጪው በዚያው ፈቃድ ይሁን እንጂ። ለባለቤቱ መንገር ግን ወግ ነው። አንዳንዴ «እኔም ጀምሬው ነበር፣ እንኪ» ብሎ ግማሹን ሥራ ያቀብልሻል። ለአንዷ ሞጁሌ እንዲህ ሆኖልኛል።

ትርጉም_ወዳጅ | ሐሙስ፣ ማታ 4፡30

እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ። እዚያ ካሉት ብዙዎቹም አፋቸውን የፈቱት በሌላ ቋንቋ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። መጀመሪያ በአማርኛ እጽፈዋለሁ። ያደረግኩትን፣ ያየሁትን፣ ይሆናል ብዬ የጠበቅኩትን። እያንዳንዱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ አመጣዋለሁ። ይቅርታ አላበዛም፤ «ጀማሪ ስለሆንኩ» እያልኩ ሦስት መስመርም አልፈጅም። የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ስሕተቱ የት እንደወጣ ነው። የስሕተቱን መልእክት ቃል በቃል ለጥፊለት፤ ከማንኛውም ጥሩ እንግሊዝኛ ይበልጥ የሚረዳው እሱ ነው።

ጉለሌ_22 | ዓርብ፣ ጠዋት 2፡10

ከአዲስ አበባ ሰላም። አንድ ነገር ልጠይቅ። ድሩፓል ራሱ አሁን 11 ላይ ደርሷል። ጉልበትሽን ለምን ወደዚያ አታዞሪውም? ሥራ ስትፈልጊም እኮ እሱ ነው የሚጠየቀው። እኔ ከ7 ወደ 10 ያሻገርኳቸው ገጾች አሉ፤ ከባድ ነው፣ ግን ይቻላል።

ኮድ_በሌሊት | ዓርብ፣ ጠዋት 3፡45

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ለሥራ ከሆነ እኔም አዲሱን ድሩፓል ተማሪ እላታለሁ።

ለዚህች ክፍል ግን አይመስለኝም። ድሩፓል 8 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2015 ሲወጣ ሲምፎኒ በሚባለው የፒኤችፒ ማዕቀፍ ክፍሎች ላይ ተመሥርቶ እንደ አዲስ ነው የተጻፈው። ከዚያ ወዲህ የድሩፓል 7ን ሞጁል ማሻገር ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን ወስዶ ኮዱን እንደ ገና መጻፍ ነው። ኮምፖዘር የሚባለውን የፒኤችፒ ጥቅል መጫኛም መልመድ አለባት። ባክድሮፕ ግን የ7ን አጻጻፍ አልለቀቀም። ሁክ፣ ሞጁል ከዋናው ክፍል ጋር የሚገናኝበት ፈንክሽን፣ ያው ሁክ ነው። በርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ይሄዳል። የሦስት ፋይል ሞጁል ለጀማሪም በጥቂት ምሽት ታልቃለች።

ደግሞ ሰው የሚጀምረው ራሱ በሚጠቀምበት ነገር ቢሆን ጥሩ ነው። ሞጁሏ ካልሠራች ልጆቹ መጽሐፍ መመለስ ይረሳሉ። እሷ ይህን በዓይኗ ታያለች። መሐል ላይ ሲደክማት የሚያስቀጥላት እሱ ነው።

ጉለሌ_22 | ዓርብ፣ ጠዋት 4፡00

ገባኝ። ልክ ነህ። በርቺ እህቴ፣ ፒኤችፒ ላይ የምረዳሽ ካለ ጠይቂኝ።

መምህር_ዘማራኪ | ዓርብ፣ ማታ 1፡15

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅለት ነው።

ሞጁሏን በዚፕ አውርደሽ አዲስ ሪፖ (የኮድ ማኖሪያ) እንዳትከፍቺ። የኮድ ለውጥ በሚመዘግበው በጊት ክሎን አድርጊና (ሙሉ ቅጂዋን ውሰጂና) ከነታሪኳ አምጫት። ክሎን ስታደርጊ እያንዳንዱ መስመር በማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተጻፈ አብሮ ይመጣል። በዚፕ ከጀመርሽ ግን የመጀመሪያው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) በአንቺ ስም ይሆናል። የዚያ ሁሉ ሰው ልፋት ይጠፋል። አንቺ አስበሽው አይደለም፤ ግን ይጠፋል።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራና ገልብጠው ሲጨርሱ በመጨረሻው ገጽ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ፣ ለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ» ብለው ምሕረት ይለምናሉ። ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመው። ከፊታቸው የነበረውን ጸሐፊ አንድም ቀን አልዘለሉትም። የጊትን ታሪክ ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

በተጨማሪም ጥቅሙ ለራስሽ ነው። አንድ እንግዳ መስመር ሲገጥምሽ ለምን እንደተጻፈ የሚነግርሽ የድሮው ኮሚት መልእክት ነው። ያለዚያ ትርፍ መስሎሽ ታጠፊዋለሽ።

ሀሁ_ከአዘዞ | ዓርብ፣ ማታ 3፡50

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚፕ ልጀምር ነበር! አሁን ከነታሪኳ ክሎን አደረግኳት። 43 ኮሚት አላት። የሦስት ሰው ስም አለበት። ሦስት ሰዎች እንደነበሩ አላውቅም ነበር።

ለድሮው ጸሐፊም ጻፍኩ፤ እስካሁን መልስ የለም። ኔትወርክና መብራት ግን አስቸግሮኛል። ሰፈራችን ዛሬም ከሰዓት ጠፍቶ ነው የዋለው። አንዳንድ መመሪያ ላይ ገጹን ኮምፒውተራችሁ ላይ ለመሞከር ዶከር ጫኑ ይላል፤ እሱን ለማውረድ ዳታዬ አይበቃም።

ዓባይ_ማዶ | ዓርብ፣ ማታ 4፡20

ከባሕር ዳር ሰላም። ዶከር ግዴታ አይደለም። ለአንዲት ትንሽ ሞጁል ዛምፕ ይበቃሻል፤ አፓቼውም ማሪያዲቢውም ፒኤችፒውም አብሮ አለበት። አንድ ጊዜ ካወረድሽው ከዚያ ኢንተርኔት አይፈልግም።

ጊትም ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ኮሚት ለማድረግ ኔትወርክ አያስፈልግም። ሙሉ ታሪኩ ላፕቶፕሽ ውስጥ ነው። ማታ በባትሪ ሠርተሽ ኮሚት አድርጊ፤ ወደ ጊትሀብ መላኩን፣ ፑሹን፣ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ስትደርሺ በአንዴ ታደርጊዋለሽ። እኔ የባክድሮፕን የፖርት መመሪያ ገጾች አንድ ቀን ጠዋት በፒዲኤፍ አስቀምጬ ነው መብራት በሌለበት የማነባቸው።

ኮድ_በሌሊት | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7፡30

እንግዲህ ወደ ኮዱ። አዲስ ብራንች (የኮዱን የሥራ ቅርንጫፍ) ክፈቺ፤ በባክድሮፕ ስሙ 1.ኤክስ-1.ኤክስ ነው።

መጀመሪያ የሞጁሏን መግለጫ፣ የኢንፎ ፋይሉን ክፈቺ። ኮር = 7.ኤክስ የሚለውን መስመር አውጪና ባክድሮፕ = 1.ኤክስ በዪ። ታይፕ = ሞጁል የሚልም ጨምሪ። ፋይልስ ብለው የሚጀምሩ መስመሮች ካሉ ይወጣሉ። እነሱ የዘረዘሯቸው ክላሶች ግን በሞጁሉ ፋይል ውስጥ በአውቶሎድ ሁክ መመዝገብ አለባቸው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

ከዚያ የፈንክሽን ስሞች አሉ። ድሩፓል ብለው የሚጀምሩት አብዛኞቹ ባክድሮፕ ብለው ይጀምራሉ። ባክድሮፕ የድሮውን ስም ስትጠሪ ወደ አዲሱ የሚመራ ድልድይ ስላለው ባትቀይሪውም ለጊዜው ይሠራል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልጨርስ አትበዪ። አንድ ነገር ቀይሪ፣ ሞክሪ፣ ኮሚት አድርጊ። የስም ቅየራውን ለብቻው፣ የአሠራር ለውጡን ለብቻው። ገምጋሚው ሁለት መቶ መስመር የስም ቅየራ መሐል አንዲት እውነተኛ ለውጥ እንዲፈልግ አታስገድጂው።

ኮደር አፕግሬድ የሚባል ሞጁልም አለ፤ ይህን የስም ቅየራ በራሱ ይሠራል። እኔ እጠቀምበታለሁ። ግን ያወጣውን መስመር በመስመር ሳላነብ ኮሚት አላደርግም። ለመጀመሪያ ሞጁልሽ በእጅሽ ብትሠሪው ይሻላል፤ ምን ለምን እንደተቀየረ ያኔ ይገባሻል።

ትልቁ ለውጥ ሴቲንግ ላይ ነው። ድሩፓል 7 ሴቲንግን በዳታቤዝ የቫሪያብል ሰንጠረዥ ነው የሚያስቀምጠው። ባክድሮፕ ግን በጄሰን ፋይል፣ ኮንፊግ በሚሉት። ቫሪያብል ጌት ያለበትን ሁሉ ወደ ኮንፊግ ጌት ታዞሪያለሽ፤ መነሻ ዋጋዎቹን ሞጁሉ ውስጥ ኮንፊግ በሚባል ፎልደር ታስቀምጫለሽ።

ሀሁ_ከአዘዞ | እሑድ፣ ማታ 2፡40

ነጭ ገጽ! ሞጁሏን ሳበራት ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። በሎካል፣ በራሴ ላፕቶፕ ነው፤ እውነተኛው ገጽ ደህና ነው። ሎጉ ላይ «ክላሱ አልተገኘም» ይላል። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈለግኩ፤ ፋይሉ ቦታው ላይ ነው።

ኮድ_በሌሊት | እሑድ፣ ማታ 2፡55

አውቶሎድ ሁኩን ጽፈሻል?

ሀሁ_ከአዘዞ | እሑድ፣ ማታ 3፡10

አልጻፍኩም። የፋይልስ መስመሩን አውጥቼ እዚያው ረሳሁት። አሁን ጻፍኩት፣ ካሹን አጠፋሁ፣ ገጹ ተመለሰ። አመሰግናለሁ!

ሌላም ገጠመኝ። አንድ ቦታ ላይ ኢች የሚባል ፈንክሽን ነበር። በእኔ ፒኤችፒ 8 ላይ ጭራሽ የለም ይላል።

ጉለሌ_22 | እሑድ፣ ማታ 3፡30

እሱ በፒኤችፒ 7.2 ተው ተብሎ በ8.0 ወጥቷል። በፎርኢች ተኪው። ከባክድሮፕ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ስለዚህ ለብቻው ኮሚት አድርጊው። ክሪኤት ፈንክሽን የሚልም ካለ እሱም በ8.0 ወጥቷል።

ሀሁ_ከአዘዞ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት፤ ሞጁሏ ሠራች። ከዚያ ግን አንድ ነገር አየሁ። በድሮው ገጽ ማሳሰቢያው የሚወጣው መመለሻው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው፤ እኛው ነን እንዲያ ያደረግነው። አሁን ሰባት ቀን ሲቀረው ይወጣል። ማሳሰቢያው ላይ የነበረው የአማርኛ ጽሑፍም ሄዶ በእንግሊዝኛው ተተክቷል። ያን ጽሑፍ ክፍሏን ስንከፍት ለልጆቹ እንዲጥም ብለን አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ነው የጻፍነው። ሌላ ቦታ አልተቀመጠም። ጠፋ ማለት ነው?

ኮድ_በሌሊት | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡22

አልጠፋም። ተረጋጊ። የዳታቤዝ ማያውን፣ ፒኤችፒማይአድሚንን ክፈቺና የቫሪያብል ሰንጠረዡን እዪ። በሞጁሏ ስም የሚጀምር መስመር ፈልጊ።

ሀሁ_ከአዘዞ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡31

አለ! ሁለቱም አለ። «ውድ አንባቢ፣ መጽሐፉ ናፍቆናል» የሚለው ሙሉውን አለ።

ኮድ_በሌሊት | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡50

አየሽ፣ ሞጁሏ አዲሱን ኮንፊግ ነው የምታነበው፤ የድሮው ዋጋ ግን ገና ድሮ ቦታው ተቀምጧል። የሚያሻግረው ሰው ይፈልጋል። ያን የምታደርጊው በኢንስቶል ፋይሉ ውስጥ በአፕዴት ሁክ ነው። በባክድሮፕ ቁጥሩ ከ1000 ይጀምራል። የድሮውን ቫሪያብል አንብቢ፣ ወደ ኮንፊጉ ጻፊ፣ ከዚያ የድሮውን አጥፊ። በ7000ዎቹ የተጻፉት የድሩፓል ሁኮች ይወጣሉ።

ይህ ነገር አንቺ ባታይው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቢ። ሞጁሏን የሚጠቀም ሌላ ሰው፣ በማታውቂው አገር፣ ገጹን ያሻግራል፤ ሴቲንጉ ጠፍቶ ያገኘዋል። ምን እንደሆነም አያውቅም። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ሞክሩ የምለው። አንዴ ባዶ ባክድሮፕ ላይ እንደ አዲስ ጭኖ፣ አንዴ ከድሩፓል 7 ከነዳታው አሻግሮ። ባዶው ላይ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን ስሕተት በፍጹም አያገኘውም።

ዓባይ_ማዶ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

በጣም ጥሩ ትምህርት ነው፤ እኔም አስቀመጥኩት። አንድ ሐሳብ ልስጥ። የመመለሻውን ቀን ለምን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አታደርጊውም? የፒኤችፒ ካሌንደር ኤክስቴንሽን የእኛን አያውቅም፤ የኢንትል ኤክስቴንሽን ግን ያውቃል። ሎኬሉን አማርኛ፣ ካሌንደሩን ኢትዮፒክ ካልሽው ጳጉሜንም ጭምር በትክክል ያወጣል።

ሀሁ_ከአዘዞ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡20

ልጆቹ ደስ ይላቸዋል! ዛሬ ማታ እጨምረዋለሁ።

መምህር_ዘማራኪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ቆይ ልጄ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እንዲገባ እፈልጋለሁ። አሁን ግን አትጨምሪው።

ፖርት ስታደርጊ ሞጁሏ ትናንት የምትሠራውን ዛሬም እንድትሠራ ብቻ ነው የምታደርጊው። አዲስ ነገር ከቀላቀልሽበት ስሕተት ሲወጣ ከፖርቱ ይሁን ከአዲሱ መለየት ያቅትሻል። ገምጋሚውም እንዲሁ። መጀመሪያ ያለችውን አውጪ። ከዚያ ራስሽ ኢሹ ክፈቺና የቀን አቆጣጠሩን እንደ አዲስ ሥራ አምጪው።

ዓባይ_ማዶ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

መምህር ልክ ነዎት። እኔ ቸኩዬ ነው።

ሀሁ_ከአዘዞ | ሰኞ፣ ማታ 2፡00

ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ተመለስኩ። የአፕዴት ሁኩን ጻፍኩ፤ ከድሩፓል 7 ቅጂያችን እንደ ገና አሻግሬ ሞከርኩት። ሁለት ቀን ያልነው ሁለት ቀን ሆኖ መጣ። አማርኛውም መጣ።

ቀጥሎ ምን ላድርግ? ጊትሀብ ላይ በራሴ ስም አስቀምጬዋለሁ።

ኮድ_በሌሊት | ሰኞ፣ ማታ 2፡45

እንኳን ደስ ያለሽ! አሁን ሪድሚ ጻፊ። ምን እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደምትጫን፣ ከዚያ የድሮዎቹን ሦስት ሰዎች ስም፣ ከዚያ የአንቺን። የላይሰንስ ፋይሉም ይኑር። ከዚያ የኮንትሪብ ቡድኑ ኢሹ ዝርዝር ላይ አባል ለመሆን ማመልከቻ ክፈቺ፤ የሞጁልሽን ሊንክ ስጪያቸው። አንድ ሰው አይቶ አስተያየት ይሰጥሻል። ዙሊፕ በሚባለው የውይይት መድረክ ላይም ይገኛሉ፤ ጥያቄ ካለሽ እዚያ ጻፊ።

አስተያየቱ ብዙ ቢሆን አትደንግጪ። የመጀመሪያዬ ላይ አስራ አንድ ነጥብ ነበር የተጻፈልኝ። አንብቤ ላፕቶፑን ዘጋሁት። በማግስቱ ስከፍተው ግን አስሩ ስፔስና የኮሜንት አጻጻፍ ነበር።

ትርጉም_ወዳጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡15

ስትወጣ ንገሪን፤ ጽሑፎቿን ወደ አማርኛ እመልሳቸዋለሁ። ባክድሮፕ የራሱ የትርጉም ገጽ አለው። አንድ ጊዜ እዚያ ከተተረጎመ የትኛውም የአማርኛ ገጽ ያገኘዋል።

ሳሙና_በር | ሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር የቆየሁት። ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ ጥያቄ። ቤተሰብ «ምን ይከፈልሃል?» ሲል ምን ትላላችሁ? እኔ ላፕቶፕ ላይ ሳመሽ እናቴ ደስ አይላትም።

ኮድ_በሌሊት | ሰኞ፣ ማታ 4፡00

ያለውን ነው የምናገረው። አይከፈለኝም። የመጀመሪያ የሚከፈለኝን ሥራ ያገኘሁት ግን አሠሪው ጊትሀቤን አይቶ ነው። ያ ለሁሉም ሰው ይሆናል ብዬ አልዋሽህም። እናትህ ልክ ናቸው፤ ፈተና ካለብህ ፈተናህን አስቀድም። በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃል። የያዝከውን ካልቻልክ ደግሞ «አልቻልኩም፣ ሌላ ሰው ይውሰደው» ብለህ ኢሹው ላይ ጻፍ። ከሁሉም የሚጎዳው ሰው ይዞ ዝም ሲል ነው። ሌላው «ተይዟል» ብሎ ይተወዋል፤ ሞጁሏም እዚያው ትቀራለች።

ሀሁ_ከአዘዞ | ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ገባች! አባል አድርገውኛል፣ ሞጁሏም ወደ ኮንትሪብ ተዛወረች። አስተያየቱ አራት ነጥብ ነበር። አንዱ እውነተኛ ስሕተት ነበር፦ የሴቲንግ ፎርሙ ላይ ቁጥሩ ባዶ ሲሆን አላጣራሁም ነበር። አስተካክዬ ዛሬ ከሰዓት ታግ አደረግኩት፣ ማለት የቅጂ ቁጥር ሰጠሁት፤ 1.ኤክስ-1.0.0።

የድሮው ጸሐፊም መለሰልኝ። ድሩፓልን ከተወ ቆይቷል። «ሰው አሁንም ይጠቀምባታል ብዬ አላሰብኩም ነበር» ብሎ፣ የክፍላችንን ፎቶ ላኪልኝ አለኝ። ቅዳሜ ልጆቹ ሲመጡ ከወላጆቻቸው ጠይቄ አነሳለሁ።

የመጀመሪያ ኢሹዋንም ራሴ ከፈትኩ። የመመለሻ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር። ዓባይ_ማዶ፣ ስለ ኢንትል የጻፍከውን እዚያ ብትለጥፈው።

ሳሙና_በር፣ ፈተናህ ሲያልቅ ይህን መሥራት ትፈልጋለህ? ከሠላሳ መስመር አይበልጥም ብዬ እገምታለሁ። እኔ እገመግምልሃለሁ።

ሳሙና_በር | ሐሙስ፣ ማታ 1፡52

የመጨረሻው ፈተና ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ክሎን አደርጋታለሁ። በዚፕ አይደለም።